ጉዳዩ፦ ሜዳውን ስለማጽዳት

እኔ መጻፍ እችላለሁ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የማወራው መዓት ሁሉ የመጣው እችላለሁ በማለቴ ነው።

ዘንድሮ አስረኛ ክፍል እንደገባሁ የአማርኛ መምህራችን ስለ ጌጃ ሰፈር ቆርቆሮ ቀጥቃጮች የጻፍኩትን ድርሰት ክፍሉ ፊት ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ይቺ ልጅ ትርፍ ቃል የላትም» አሉ። ትርፍ ቃል የላትም! ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። ለሳምንት ያህል ከእማዬ ጋር እንኳ ሳወራ ቃል እቆጥብ ነበር። «አፍሽን አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች የስፌት መኪናዋን አቁማ። አላመመኝም። ደስ ብሎኝ ነው። አሁንም ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም፣ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ደስ ይለኛል፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

አባዬ ወታደር ነው፤ ሃምሳ አለቃ። ወታደር ሲባል ሰው ጠመንጃ ያስባል፣ የአባዬ ሥራ ግን ሜዳ መጠበቅ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ምልምሎች ተኩስ የሚለማመዱበት ሰፊ ሜዳ አለ። በየማለዳው ልደታ ላይ ሰርቪስ ይይዝና እዚያ ይሄዳል። ዒላማ ያቆማል፣ የተበሳሳውን ይለጥፋል፣ ምልምሎቹ የቆፈሩትን ምሽግ መልሶ ያስደፍናል። ወረቀት ላይ ሥራው ይኸው ነው። ወረቀት ላይ የሌሉት ዛፎቹ ናቸው።

«ከተኩስ ሜዳ ሰው ይሸሻል» ይለኝ ነበር፤ «ሰው ሲሸሽ መጥረቢያውም አብሮት ይሸሻል።» በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሁሉ ባሕር ዛፍ ብቻ ሆኖ ሳለ የሜዳው ጥግ ላይ ጥቂት አሮጌ ወይራና ጽድ ተርፈው ነበር። ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር አለ፤ በየክረምቱ እየሰፋ ሜዳውን ይበላል። አባዬ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ፍሬ እየለቀመ የቦረቦሩን ዳር ዳር መትከል የጀመረው እኔ አንደኛ ክፍል ሳልገባ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ችግኞቹን የት ያፈላ ነበር? እኛ ግቢ። አራት አባወራ የምንኖርበት ግቢ ነው፤ የጋራ ቧንቧው አጠገብ ሁለት እርምጃ የምታህል መሬት ነበረችው። የእኔ ሥራ ከአብነት ሰፈር ሱቆች የወተት ላስቲክ መልቀም ነበር። እማዬ በስፌት መቀሷ አፉን ትቆርጣለች፣ እኔ ታቹን በወስፌ እበሳለሁ፣ አባዬ አፈር ይሞላል። የወይራ ፍሬ ዝም ብሎ አይበቅልም፤ ውስጡ ድንጋይ ነው። አባዬ አንድ በአንድ ጫፉን በፒንሳ ይሰብርና ውሃ ውስጥ ያሳድረዋል። ጎረቤቶቻችን ይቀልዱበታል። «ሃምሳ አለቃ፣ ግቢውን ጫካ አድርገህ ጅብ ልታስገባብን ነው?»

«ከመጣ ተረኛ ጠባቂው እኔ ነኝ» ይላቸዋል።

ክረምት ሲገባ ችግኞቹን በካርቶን ደርድሮ ሰርቪሱ ላይ ጭኑ ላይ ይዟቸው ይሄዳል። ወታደሮቹ «ለልጆችህ ወንበር ያዝላቸው እንጂ» እያሉ ያሾፉበታል። እኔ ሜዳውን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሲቪል አይገባም። ማታ ሲመጣ «ስንት ደረሱ?» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ በእጁ ያሳየኛል። መጀመሪያ ጉልበቱ ጋ፣ ከዓመታት በኋላ ወገቡ ጋ፣ ከዚያ ከራሱ በላይ። ባለፈው ዓመት ስጠይቀው «አሁንማ እጄ አይደርስም» አለ። እንዴት ደስ ብሎት እንዳለው! ከአሮጌዎቹ ወይራዎች አንዱ ሥር ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ዙህር እንደሚሰግድም ነግሮኛል። በዚያ ጠራራ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ምሽግ የሚቆፍሩ ምልምሎችን ሲያሠራም የራሱ ሥርዓት አለው። ጥቁሩ የላይኛው አፈር ለብቻ ይቆለላል፣ የታችኛው ቀይ ለብቻ፤ ሲደፈን ጥቁሩ ከላይ ይመለሳል፣ ሣሩ ቶሎ እንዲይዝ። «ላይኛው ለብቻ!» እያለ ሲጮህ ስለሚውል «ሃምሳ አለቃ አፈር» የሚል ስም አውጥተውለታል። ይህን ለእኛ የነገረን ራሱ ነው፣ እየሳቀ።

አንድ ቀን ሳይስቅ መጣ። ቦረቦሩ ውስጥ ሚዳቋ ሞታ አገኘ። ቁስል የለባትም። ሆዷን ቀደው ሲያዩት ፌስታል ነው። ከልምምድ በኋላ ሜዳው ላይ የማይቀር ነገር የለም፦ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የምግብ ቆርቆሮ፣ ቀለህ። ጥይቱ ሄዶ የሚቀረው ባዶ ነሐስ ነው ቀለህ የሚባለው፤ ዝናብ ሲመታው አረንጓዴ ውሃ ይተፋል ይላል አባዬ። እሱ ብቻውን በጆንያ እየለቀመ አይዘልቀውም። ምልምሎቹ ከልምምድ በኋላ ለአንድ ሰዓት እንዲለቅሙለት ሻለቃውን ጠየቀ። ሻለቃው «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በጽሑፍ አቅርብ» አሉት።

አባዬ የተማረው እስከ ስድስተኛ ነው። ማንበብ ያነባል፤ መጻፍ ላይ ግን እጁ ይከብደዋል። ማመልከቻ ሲያስፈልገው ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጃንጥላ ሥር የሚቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ ሽማግሌ ጋ ይሄዳል። ያን ቀንም ሊሄድ ጫማውን ሲያስር «እኔ እያለሁ?» አልኩት።

«ውይ፣ ለካ ጸሐፊ ቤት ውስጥ አለ!» አለ።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ አሳጠርኩት። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ሜዳው ነበር፤ ለምልምሎች መማሪያ፣ ለዱር እንስሳት ደግሞ ቤት መሆኑን የሚናገር። አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ አልደግመውም እንጂ። ቆሻሻው የመጣው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የኮራሁበት ግን ከላይ ያለው መስመር ነው። መጀመሪያ ረጅም ነበር። ቆረጥኩት፣ ደግሜ ቆረጥኩት፣ በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ቀረ። «ጉዳዩ፦ ሜዳውን ስለማጽዳት።»

አባዬ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበው። «ማሻአላህ» አለ። እማዬንም ጠርቶ አነበበላት።

ልናሳትመው ስንወጣ በሽማግሌው በኩል አለፍን። አባዬ ሊያሳያቸው ፈለገ፤ መኩራራቱ ነው። ተቀብለው አነበቡና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ጽሑፍሽ ያምራል፣ የኔ ልጅ። ማጽዳት ስትዪ ግን ምኑን?»

«ውስጡ አለ፣ አባባ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ።»

«ሁለተኛው አንቀጽ ድረስ ማን ይሄድልሻል? ቢሮ ያለ ሰው ጉዳዩን ያያል፣ ፊርማውን ያያል፣ ኅዳጉ ላይ ይመራበታል። አለቀ።» እስክሪብቷቸውን አወጡና በቃላቸው ወረዱት፦ «ከተኩስ ልምምድ በኋላ በሜዳው ላይ የሚቀሩ ቀለህ፣ ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክና ፌስታል በምልምሎች እንዲለቀሙልን ስለመጠየቅ። እንዲህ ነው የሚባል።»

«ትርፍ ቃል በዛበት» አልኩ።

«ትርፍ ቃል ማንን ገድሎ ያውቃል?»

ሥራቸውን ስለወሰድኩባቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ፊቴ ላይም ሳይታይ አልቀረም። አባዬ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደና «የልጄ ይሁን» አለ።

ምነው ያኔ የእሳቸውን ባለ።

መልሱ ቶሎ መጣ። ኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ይፈጸም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሻለቃው ፈርመውበታል። አባዬ ኮፒውን ቤት ይዞት መጣ። እኔ በፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላኩላት። «አራዳዋ! ጦር ማዘዝ ጀመርሽ?» ብላ መለሰችልኝ። ስቄ ልሞት። ጦር አዝዣለሁ ለካ።

ታኅሣሥ ውስጥ አባዬ ዒላማ የሚሠራበት ጣውላ እንዲያመጣ ለሁለት ቀን ወደ መጋዘን ተላከ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሜዳው ሲደርስ ቦረቦሩ ከሩቅ ታየው። ድሮ ከዚያ ቦታ አይታይም ነበር፣ ዛፍ ይጋርደዋል። ምልምሎቹ መጥረቢያና ገጀራ ይዘው እየዘፈኑ ይሠራሉ። ሮጦ ሄዶ ጮኸባቸው። የሚያሠራቸው ወጣት መቶ አለቃ ግራ ተጋባ።

«ምን ሆንክ፣ ሃምሳ አለቃ? አንተ አይደለህም እንዴ ያመለከትከው?»

«እኔ ያልኩት ቆሻሻውን ነው!»

መቶ አለቃው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ሜዳ ይጽዳ ማለት እይታ የሚከልል ነገር አይኑር ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ወታደር ሆነህ ይህን እኔ ላስተምርህ? ይኸው። ይህ ፊርማህ አይደለም?»

አባዬ «ልጄ ናት የጻፈችው» ማለት ይችል ነበር። አላለም።

«ፊርማዬ ነው» አለ።

የተጀመረ ትእዛዝ አይቆምም። ትንንሾቹን ችግኞች ከነሥራቸው ሲነቅሉ ከምልምሎቹ አንዱ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ፣ ከወዲያ ተጣርቶ «ሃምሳ አለቃ! ላይኛውን አፈር ለብቻ እናድርገው?» ብሎ ጠየቀው። ይህን ሲነግረን አባዬ ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

የነገረን ያን ቀን አይደለም። ያን ቀን ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እማዬ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ጸዳ» ነው ያላት። እኔ ደግሞ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ «አልኩህ አይደል! ሠራልን!» ብዬ ዘለልኩ። አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አዎ፣ ሠራ» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

እውነቱን የሰማሁት በማግስቱ ከእማዬ ነው። ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። «አሮጌዎቹስ?» አልኳት። «እነሱም» አለች። ዕቃ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ተመልሼ መጥቼም ደብዳቤውን ከፎቶው ላይ አነበብኩት፤ ስህተት ፍለጋ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቀለህ አለ፣ ፌስታል አለ፣ ሚዳቋዋ አለች። ሁሉም በቦታው ነው። ማን ይሄድልሻል እንዳሉት፣ ማንም አልሄደም።

ይህ አልበቃ ብሎ ጥር ላይ ሽልማት መጣ። ለጥሩ ሠራተኞች የምስጋና ወረቀት ይሰጣል ተብሎ ቤተሰብ ተጋበዘ፤ ሜዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ዕድሜ ልኬን ላየው የጓጓሁለት ቦታ የተላጨ ራስ መስሎ ጠበቀኝ። ቦረቦሩ ዳር ጉቶዎች በተርታ ቆመዋል፤ አባዬ በመስመር ነበር የተከላቸው፣ ስለዚህ በመስመር ነው የሞቱት። ቀለሁስ? እዚያው ነው። ፌስታሉም እዚያው። እንዲያውም አሁን በደንብ ይታያል፣ የሚሸፍነው ቅጠል የለማ።

ድምፅ ማጉያው የአባዬን ማዕረግ ጠራና «ሜዳውን ለማጽዳት ላሳየው ተነሳሽነት» አለ። ሰው አጨበጨበ። አባዬ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ተቀበለ። እማዬ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ እንዳልጮኽ ይሁን እንዳትጮኽ፣ አላውቅም።

በኋላ ለስላሳ ሲታደል ሻለቃው ወደ እኛ መጡ። ክፉ ሰው አይመስሉም። «በቅርቡ ዶዘር ይገባል» አሉት አባዬን፤ «ጉቶውን ነቅለን ስናስተካክል ክረምት ላይ እንግዶች መጥተው ችግኝ ይተክሉበታል። ቦታው ያምራል።»

አባዬ «እሺ ሻለቃ» አለ። ፊቱ ግን ነጣ። ጽድ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፤ ወይራ ግን ጉቶው ከተተወ ያቆጠቁጣል። ሥሩም ሞቶ እንኳ አፈሩን ይዞ ይቆያል። የቀረችን ተስፋ ያቺው ጉቶ ነበረች። አፌ ቀደመኝ።

«ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማጽዳት ያልኩት ቆሻሻውን ነው። ዛፉን አይደለም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አለ።»

«ሁለተኛው አንቀጽ!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ያዝ አደረጉት። «የኔ ልጅ፣ በቀን ስንት ወረቀት እንደማይ ታውቂያለሽ? አጭር ነበር፣ ደስ አለኝ፣ መራሁበት።»

«እንግዲያው ጉቶው አይነቀል።»

«እሱንም በጽሑፍ አቅርቡ» አሉና ለስላሳ አስጨመሩልኝ።

በሰርቪሱ ስንመለስ ምን ብዬ እንደምጽፈው በሐሳቤ እያዘጋጀሁ ነበር። ወይራው ስለሚያቆጠቁጥበት መንገድ፣ ቦረቦሩ እንዴት እንደሚሰፋ። በዚህኛው ሁሉንም ከላይ አደርጋለሁ፣ በመጀመሪያው መስመር። ቤት ስንደርስ ደብተሬን አወጣሁ። አባዬ ግን ከእማዬ የልብስ መለኪያ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ገንጥሎ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

«እኔ ልጻፍልህ፣ አባዬ።»

«ግድ የለም። አንቺ አጥኚ።»

ቅዳሜን ሙሉ ጻፈ፣ እሑድንም። ቆሜ በትከሻው በኩል ሳይ «ጉቶወች» ብሎ ጽፏል። «አባዬ፣ እሱ እኮ…» ስል ወረቀቱን በክንዱ ከለለው። ፈተና ላይ እንዳንቀዳበት የሚከልል የክፍል ልጅ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። አባቴ፣ ከእኔ። ወደ ውጭ ወጣሁ። ቧንቧው አጠገብ ያለችው መሬት ባዶዋን ናት፤ ዘንድሮ ምንም አላፈላባትም።

ሲጨርስ እማዬ አነበበችው፣ እኔም በእሷ በኩል አየሁት። ጉዳዩ ብቻውን አምስት መስመር ነው። ወይራዎቹን በቁጥር፣ በረድፍ፣ ከዒላማው በስንት እርምጃ እንዳሉ ዘርዝሯል። «እንዳይነቀሉ» ብሎ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ «ማለትም እንዳይነሡ»፣ እንደገና «ማለትም ባሉበት እንዲቆዩ»። መምህራችን ቢያዩት ቀይ በቀይ ያደርጉት ነበር። እኔ ግን ሰው ተሳስቶ የሚገባበት ቀዳዳ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

መልሱ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ኅዳጉ ላይ «ታይቷል» ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ይፈጸም አይልም፣ አይፈጸም አይልም።

«ምን ማለት ነው?» አልኩት። «ይቆይ ነው ወይስ ይነቀል?»

«እኔ እንጃ።»

«ሄደህ ጠይቃቸዋ!»

«እንዳትሞክሪ» አለኝ፣ ጣቱን አንስቶ። ከዚያ በፊት ጣቱን አንስቶብኝ አያውቅም። «ከተጠየቀ መልስ ይሰጥበታል። ዝም ባለ ወረቀት ላይ ማንም አይሠራም።»

እስከ ዛሬ እንዳለው ነው። ዶዘሩ መጥቶ ሜዳው ዳር ቆሟል፤ ኦፕሬተሩ ይፈጸም የሚል ካላየ አልነካም ብሏል። አባዬ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ይውላል። የበልግ ዝናብ ከጣለ ወዲህ ወይራዎቹ ጎን ጎናቸውን ማቆጥቆጥ ጀምረዋል። ይህን የሰማሁት ለእማዬ ሲነግራት ነው፤ እኔን በእጁ ለክቶ አላሳየኝም፣ እኔም ስንት ደረሱ ብዬ አልጠየቅኩም። ቦረቦሩ በጽዶቹ በኩል ተንዶ ሁለት የምሽግ ረድፍ ይዞ ወርዷል። ሻለቃው ይቀየራሉ የሚባል ወሬ አለ። አዲስ የሚመጣው ሰው ወረቀቱን ገልጦ «ይህ ምን ማለት ነው?» ቢልስ? አንድ ቃል ነው እኮ። አንድ ሰው አንድ ቀን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቅ አለቀ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አባዬ ከሥራ ገባ። ጫማውን አወለቀና አጠገቤ ቆመ። ገጹን በክንዴ አልከለልኩም፤ ቢያነበው ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን ወደ ወረቀቱ አላየም።

«ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።

«ለማንም።»

«እሱ ይሻላል» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።